በሥራ ላይ የሞተ ፖሊስ ቤተሰብ መብት

በደብረ ሲና፣ በአርማንያ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ቀረብ በሉ። የዛሬው ንግግራችን ከበድ ያለ ነው። ሰላም ሲያስከብር የሞተ ወይም አካሉ የጎደለ ፖሊስ፣ ቤተሰቡ ምን መብት አለው?

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ የደረሰውን እናንተው ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ሰውም ይጠፋል፣ ወረቀትም ይጠፋል።

እስቲ አንድ ቤት በሐሳባችን እንሥራ። ባል ፖሊስ ነው። ሚስት ደብረ ሲና መንገድ ዳር ለመንገደኛ ቆሎ ትሸጣለች። ሁለት ሕፃናት ልጆች አሏቸው። ባልየው ሥራ ላይ እንዳለ ተገደለ። ለቅሶው አለፈ፤ አርባውም ወጣ። ከዚያ በኋላ አንዱ መጥቶ፣ «ባልሽ ካገለገለ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ለሽማግሌ ነው፤ አርፈሽ ቆሎሽን ሽጪ» ይላታል። ሌላው ደግሞ፣ «እኔ አስጨርስልሻለሁ፤ ብቻ እዚህች ላይ አውራ ጣትሽን አሳርፊ» ይላታል። ማንበብ ካልቻለች ምን ታደርጋለች? የመጀመሪያውን አምና ትቀራለች፤ ወይም ለሁለተኛው ያላወቀችውን ነገር ትፈርማለች።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። አሁን የሚሠራበት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1267 ነው። ፖሊስም በዚህ አዋጅ ይሸፈናል። ሰው በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ቢሞት፣ ቤተሰቡ በየወሩ አበል እንዲያገኝ ሟቹ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጣል። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የሞተ ግን የአገልግሎት ዘመኑ አይቆጠርበትም። አራት ዓመትም ይሁን አንድ ዓመት፣ ቤተሰቡ አበል ያገኛል።

አበል የሚያገኙት የቤተሰብ አባላት በሕጉ «ተተኪዎች» ይባላሉ። እነሱም ሚስት ወይም ባል፣ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆች፣ እንዲሁም በሟቹ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ እናትና አባት ናቸው። ሚስት የሟቹን አበል ግማሽ፣ ማለት ከመቶ 50 ታገኛለች። እያንዳንዱ ልጅ ከመቶ 20 ያገኛል። የሟቹ አበል 4,000 ብር ነው እንበል። ሚስት 2,000 ብር፣ ሁለቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 800 ብር ያገኛሉ። ሲደመር 3,600 ብር ይሆናል። ተተኪዎቹ ቢበዙም ድምሩ ከሟቹ አበል አይበልጥም።

ፖሊሱ ሳይሞት አካሉ ቢጎድልስ? ጉዳቱ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ መሥራት ካልቻለ፣ የጉዳት ጡረታ አበል ይከፈለዋል። ስለዚህ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ወዲያው በጽሑፍ ይመዝገብ። «ኋላ ይደረሳል» አይባልም።

ይህ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም። ከፖሊሱ ደመወዝ በየወሩ ከመቶ 7 ሲቆረጥ ኖሯል፤ መንግሥትም ከመቶ 25 ይጨምርበታል። ስለዚህ ስትጠይቁ አንገታችሁን አትድፉ።

ታዲያ መብቱ በወረቀት ነው የሚከፈተው። አራት ወረቀት አስታውሱ። አንደኛ፣ የጋብቻ ማስረጃ። ሁለተኛ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት። ሦስተኛ፣ የሞት ምስክር ወረቀት። አራተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የሚገኝ የቅጥር፣ የደመወዝና ሥራ ላይ የመሞቱ ማስረጃ። ሌላ የሚጠየቅ ወረቀት ካለም ጠይቃችሁ በዝርዝር ጻፉት። ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገበው በቀበሌ ነው። ሁሉም ሞት እስኪመጣ አይጠበቅም። ባል በሕይወት ሳለ ጋብቻው ይመዝገብ፤ ልጅ ሲወለድ ይመዝገብ። ቅጂውን አስነሥታችሁ ከዋናው ለይታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

አሁን ንባባችሁ ሥራ ላይ ይዋል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርጉና ስሞቹን ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። በአንዱ ላይ «ጥሩወርቅ»፣ በሌላው ላይ «ጥሩ» የሚል ካለ፣ አንድ ሴት ሁለት ሰው ሆነች ማለት ነው። የአባት ስምንም እንዲሁ እዩ። ስሕተት ካገኛችሁ ዛሬውኑ ወደ ጻፈው መሥሪያ ቤት ሂዱና አስተካክሉ።

ማመልከቻችሁ በሟቹ መሥሪያ ቤት በኩል ወደ መንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይደርሳል። ውሳኔውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የተቀበላችሁበትንም ቀን ጻፉ። ቅር ካላችሁ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ማመልከት ትችላላችሁ። ይግባኝ ጊዜ አለው፤ ጥያቄም ሲቆይ በይርጋ ይታገዳል፤ አትዘግዩ። ያላነበባችሁትን ወረቀት ግን አትፈርሙ። ካልገባችሁ፣ የምታምኑት ሰው እስኪያነብላችሁ ድረስ ቆዩ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ የለ አባቶቻችን? ያቺ ቆሎ ሻጭ አራቱን ወረቀቶች ይዛ ብትሄድ፣ ልጆቿ ከትምህርት ቤት አይቀሩም።

በሉ እንግዲህ፣ በደብተራችሁ ላይ እነዚህን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ተተኪ፣ አበል፣ ዳረጎት፣ ማስረጃ። ከዚያም ማታ ቤት ስትገቡ ሣጥኑን ክፈቱና ያሉትን ወረቀቶች ቁጠሩ። የጎደለው የትኛው ነው? ስሙን ጻፉት፤ ነገ ቀበሌ ሂዱ።