«አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ»
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሁላችንም የምናውቀው፣ ግን ጮክ ብለን የማንናገረው ነው። ይኸውም ታህሪብ ነው።

ልጅ ለስደት ገንዘብ ሲጠይቅ ቤተሰብ ይነቃል፤ ይመክራል፤ ይከለክላል። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ መላ ዘይዷል። ልጁን ሻይ ቤት ወይም ትምህርት ቤት በር ላይ ያገኘውና «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» ይለዋል። አምስት ሳንቲም አይቀበለውም። ልጁ ደብተሩን እንደያዘ ይወጣል፤ እናቱ እራት አቅርባ ስትጠብቅ እሱ ቶጎ ውጫሌን ተሻግሯል። አንዱ መንገድ በሐርጌሳና በቦሳሶ አድርጎ ወደ የመን፣ ሌላው በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ይወስዳል።

ቆይቶ ስልክ ይጮኻል። እየተደበደበ የሚያለቅሰው የገዛ ልጅ ነው። አጋቹን በሶማሊኛ «ማጋፌ» ይሉታል፤ የማይስት ማለት ነው። ያን ጊዜ ግመሉ ይሸጣል፤ ወርቁ ይሸጣል፤ ጎሳው ያዋጣል። «በኋላ» የተባለው ክፍያ ይኸው ነው። ከፋዩም ልጁ ሳይሆን እኛ ነን።

ባሕሩም አለ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አውጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው የሚነግድ ሰው ተጎጂው ሕፃን ወይም ሴት ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ እንዲቀጣ ያዛል። ልጁ «ወድጄ ነው የሄድኩት» ቢልም ደላላው ከቅጣት አያመልጥም። ይሁን እንጂ ሕጉ ዓይንና ጆሮ የለውም፤ ዓይንና ጆሮው እኛ ነን። ደላላውን እኮ የምናውቀው እኛ ነን! አንዳንዴ ዘመድ ነው፤ አንዳንዴ አብሮን ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ነው። «የሰው ጉዳይ ነው» ብለን ዝም ስንል ሥራውን እናቀልለታለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ልጅ ከቤት ሲጠፋ «ነገ ይመጣል» አትበሉ። በዚያው ሰዓት ለፖሊስና ለቀበሌ ንገሩ። ድንበሩ ቅርብ ነው፤ የጠፋ ልጅ የሚያዘው ሳይሻገር ነው።

ሁለተኛ፣ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለውን የ15 ዓመት ልጅ ደላላው «20 ዓመቱ ነው» ሲል ማስረጃ ይዞ የሚከራከረው የለም።

ሦስተኛ፣ ተመላሹን አትሳለቁበት። «ባዶ እጁን መጣ» የተባለ ልጅ ከሐፍረቱ ብዛት ተመልሶ ይሄዳል። ያየውን በግልጽ ቢናገር ግን ከእኛ ምክር ይልቅ የእሱ ቃል ለጓደኞቹ ይሰማል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ልጁ ከሰፈር ሳይወጣ መናገር ቤዛ ከመሰብሰብ ይቀላል።