ሙሉመቤት እምሩ እና የተቋረጠው በረራ



ይህ ዲስኩር የሚቀርብበት መርካቶ የጣልያን ወረራ ዘመን ገበያ ነው። ወራሪው አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ነቅሎ ወደዚህ አዛወረው። ነጋዴው ግን እዚህም ሥር ሰደደ፤ ወራሪው ሲባረር ገበያው የራሱ ሆኖ ቀረ። ያው ወረራ ያቋረጠው ሌላም ነገር አለ፤ እሱ እንደ ገበያው ቶሎ አላንሰራራም። የወይዘሮ ሙሉመቤት እምሩ በረራ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጃንሜዳ ነው። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለ ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን እዚያ አረፈ። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

የዚያን ዘመን በረራ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ፖቴዙ ድርብ ክንፍ ያለው፣ ክንፉ በሸራ የተለበጠ አውሮፕላን ነበር። ሁለት መቀመጫ አለው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፤ ጣሪያ የሚባል የለውም። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ክንፉም በቀላሉ አያነሳም። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሳት ረጅም ሜዳ መንደርደር አለበት። በዚህ ዘመን ነው ወይዘሮ ሙሉመቤት መብረር የተማሩት፤ በታሪክ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ተብለው የሚታወሱትም በዚሁ ነው።

ከዚያ የወረራው ዓመት፣ 1928 ዓ.ም.፣ መጣ። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም መሣሪያ አልታጠቁም፤ መልእክትና ሰው ያመላልሱ ነበር። ከአሜሪካ መጥቶ አየር ኃይሉን የመራው ጥቁሩ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን እንኳ ዋና ሥራው ይኸው ነበር። ጠላት በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፎ የመርዝ ጋዝ አዘነበ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። የሙሉመቤትም ትምህርት በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ለማነጻጸር ሶቪየት ኅብረትን ማንሳት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1941 ጀርመን ስትወርራት ማሪና ራስኮቫ የተባለች ስመ ጥር በራሪ ሦስት የሴቶች የአየር ሬጅመንቶች አቋቋመች። በጥቂት ወራት ይህን ያህል ሴት አብራሪ ከየት ተገኘ? ከጦርነቱ በፊት በየከተማው የነበሩ የበረራ ክበቦች ልጃገረዶችን አስተምረው ስለነበር ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ 588ኛው የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት፣ ከአዛዥ እስከ ሜካኒክ ሴት ብቻ ነበር። የሚበሩበት ፖ-2 ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። ዒላማው ሲቃረብ የሞተሩን ኃይል ቀንሰው በጨለማ እየተንሳፈፉ ይወርዱ ነበር፤ ጀርመኖች «የሌሊት ጠንቋዮች» ያሏቸው ለዚህ ነው። ከ23,000 ጊዜ በላይ ለግዳጅ በርረዋል።

ልዩነቱ በድፍረት አልነበረም። እነዚያ ክበብ፣ አስተማሪና ባልንጀራ ነበራቸው። ወይዘሮ ሙሉመቤት ግን ብቻቸውን ነበሩ፤ ጦርነቱ ትምህርታቸውን ሲያቋርጥ የጀመሩትን የምትቀጥል ሌላ ሴት ከኋላቸው አልነበረችም። «የመጀመሪያዋ» እያልን ስናወድሳቸው ሁለተኛዋ ለምን ዘገየች ብለን ካልጠየቅን ውለታቸውን በግማሽ ነው የምንከፍለው።

ከነፃነት በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በቢሾፍቱ አየር ኃይሉን እንደገና አቋቋመ፤ ሠልጣኞቹ ወጣት ወንዶች ነበሩ። በጋና ግን ሜሎዲ ዳንኳ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1964 በአየር ኃይሉ ቺፕመንክ ብቻዋን በረረች፤ መንግሥቷ ሴት ልጆችን መርጦ ወደ ሥልጠና አስገብቶ ነበርና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን እስክትሾም ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ያን መቀመጫ የያዙት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ናቸው፤ ወደ በረራ ከመግባታቸው በፊት አርክቴክቸር አጥንተዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ የሄደውን በረራ ሴቶች ብቻ አስተናገዱት። መሪውን የያዙት ካፒቴን አምሳለ ነበሩ፤ ከጎናቸው ረዳት አብራሪዋ፣ ከኋላ የበረራ አስተናጋጆቹ፣ መሬት ላይም መንገደኛ የሚያስተናግዱትና አውሮፕላኑን ለጉዞ የሚያሰናዱት ሁሉ ሴቶች ነበሩ።