ጎልማሳም ይጫወታል



እኛ ቀን ታክሲ ስንነዳ፣ ጄፒ ላይ ስንነግድ ውለን ማታ ፕሌይስቴሽን የምንጫወት ጎልማሶች «ያላደጉ» እየተባልን እንታማለን። ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ያኔ ልጅ የነበረ ዛሬ አርባ ደፍኗል። አባቶቻችንስ በገና ዕለት ጌታና ሎሌ ሳይሉ ሩር ሲያሳድዱ ማን ነውር ነው አለ?

ጆሃንስበርግ ሲመሽ እንደ ፒያሳ ወጥተው አይንሸራሸሩባትም። ሱቁ ተዘግቶ በሩ ከተቆለፈ በኋላ ብቸኛ ሰው ከግድግዳ ጋር ነው የሚያወራው። እኛ ዘንድ ግን ተራውን የሚጠብቀው ስለ መኖሪያ ወረቀቱ፣ አገር ቤት ስለታመመች እናቱ ያነሣል፤ ፊት ለፊት ቢጠየቅ ትንፍሽ የማይል ሰው ዓይኑ ስክሪን ላይ ሲሆን ይናገራል። ገንዘብ ማስያዝ የለም፤ የተሸነፈ ሻይ ያፈላል።

በአዳራሻችን ለዳማ ቦታ እንዳለ ለእኛም አንድ ጥግ ይፈቀድልን። ቴሌቪዥኑን እኛ እናመጣለን።