የደም መንገድ፦ ስለ ሰው አካል አወቃቀርና አሠራር የቀረበ ዲስኩር



ስለ ሰው አካል አወቃቀርና አሠራር መግቢያ የሚሆን ንግግር ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ከየት ልጀምር የሚለው ነው። በተለመደው የትምህርት ቤት ሥርዓት ከአጥንት ተነሥቶ ጡንቻ፣ ነርቭ፣ አንጀት፣ ኩላሊት እያሉ መውረድ ይቻላል። ነገር ግን 206ቱን አጥንቶች ስም በስም ብጠራላችሁ እናንተም ታንቀላፋላችሁ፣ የእኔም ድምፅ ይዘጋል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መርጫለሁ፤ ደም በሰውነታችን ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ምን እንደ ሆኑ፣ ሁለቱ ሲነጣጠሉም ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚወለድ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

አናቶሚ የአካልን ቅርጽ፣ ቦታና ትስስር ያጠናል፤ ፊዚዮሎጂ ሥራውን። የመጀመሪያው ዕውቀት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ዶሮ 12 ብልት አድርጋ የምታወጣ ባለሙያ ቢላዋዋን የምታሳርፈው አጥንቱ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚለቅ እጇ ያውቀዋል። ይህ አናቶሚ ነው፣ ያውም ጥሩ አናቶሚ። መጋጠሚያው ግን ለምን እንደዚያ ተሠራ? ዶሮዋ በሕይወት ሳለች ምን ያገለግላት ነበር? ይህን ቢላዋ ብቻውን አይመልሰውም። የሕክምና ታሪክም ከ1,400 ዓመት በላይ የተቸገረው በዚሁ ነው።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የጴርጋሞኑ ጋለን ታላቅ ሐኪም ነበር፤ ልናቃልለው አይገባም። ደም ወሳጅ ቧንቧዎች የተሞሉት በአየር ሳይሆን በደም መሆኑን ያሳየ እርሱ ነው። ሆኖም በዘመኑ የሰው አስከሬን መክፈት የተለመደ ስላልነበረ የሚመረምረው ዝንጀሮና አሳማን የመሳሰሉ እንስሳትን ነበር። በትምህርቱ መሠረት ደም ከምግብ ተነሥቶ ጉበት ውስጥ ይመረታል፤ ወደ አካላት ይፈስሳል፤ እዚያው ያልቃል። ተመልሶ አይመጣም። ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገረውም በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በሚገኙ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል ነው። እነዚያን ቀዳዳዎች በእርግጥ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ የኖሩት ትምህርቱ ስለሚፈልጋቸው ብቻ ነው።

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በ1242 ገደማ ደማስቆ ተምሮ ካይሮ ላይ የሚያክመው ኢብን አል-ነፊስ ግድግዳው ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለበትም፣ ደሙ ወደ ግራ የሚደርሰው በሳንባ በኩል ዞሮ ነው ሲል ጻፈ። ትክክል ነበር። በ1543 የታተመው የአናቶሚው ሊቅ የቬሳሊየስ መጽሐፍ ደግሞ ከሰው አስከሬን የተገኘ ዕውቀት ይዞ በመምጣት የጋለንን ብዙ ስሕተቶች አረመ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የፋብሪሲየስ ጉዳይ ነው። ይህ የፓዱዋ መምህር በደም መላሽ ቧንቧዎች ውስጥ ትንንሽ በሮች ማለትም ቫልቮች መኖራቸውን አጥንቶ በ1603 በሚያምር ሥዕል አሳተማቸው። ቦታቸውን አልሳተም፤ ቅርጻቸውን አልሳተም። ሥራቸው ምንድን ነው ሲባል ግን፣ ደም ቁልቁል ወርዶ እግር ላይ እንዳይጠራቀም ፍሰቱን ለማዘግየት ነው አለ። መልሱ እጁ ላይ ነበር፤ ጥያቄውን የጠየቀው ግን በጋለን አእምሮ ነው።

ጥያቄውን እንደገና የጠየቀው ደቀ መዝሙሩ እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ነው። ሃርቪ ያደረገውን እናንተም ቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ክንዳችሁን ከክርን በላይ በጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ብዙ ግን አታቆዩት። ደም መላሾቹ ይወጣጠራሉ፤ ቫልቭ ያለበት ቦታም እንደ ቋጠሮ ያብጣል። በአንድ ጣት ደም መላሹን ተጫኑ፤ በሌላው ጣት ከዚያ ተነሥታችሁ ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ቋጠሮ እስክታልፉ፣ ደሙን ግፉት። ላይኛውን ጣት ብታነሡ ባዶው ቦታ ከላይ አይሞላም፤ ቫልቩ ይዞታል። የታችኛውን ጣት ስታነሡ ወዲያው ይሞላል። እንግዲህ በሩ የሚከፈተው ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ ነው። ማዘግየት አይደለም ሥራው፤ መመለስን መከልከል ነው።

ሃርቪ በዚህ አላበቃም፤ ሒሳብ ሠራ። በዛሬው ቁጥር ላስረዳ። ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ትረጫለች፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ትመታለች። ይህ በደቂቃ 5 ሊትር፣ በሰዓት 300 ሊትር ገደማ ነው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ደም ግን በጠቅላላው 5 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ጉበት በሰዓት 300 ሊትር ደም ከየት ያመጣል? ከየትኛው እንጀራ? ሃርቪ የተጠቀመበት ግምት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ልብ በግማሽ ሰዓት የምታወጣው ደም ሰውነት ከያዘው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ያው ደም ይመለሳል፤ ይዞራል። መጽሐፉን በ1628 ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። አንድ ነገር ቀረው፦ ደሙ ከወሳጁ ወደ መላሹ በየት ይሻገራል? እነዚያን ከፀጉር የቀጠኑ ደም ስሮች ተመራማሪው ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው። ሃርቪ ከሞተ 4 ዓመት ሆኖት ነበር።

ልብ ራሷ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው፣ ሙሉ በሙሉ በግራ በኩል አይደለችም፤ ከፍርምባ አጥንት ጀርባ መካከል ላይ ሆና ጫፏን ወደ ግራ ያዘነበለች ናት። አራት ክፍልና አራት ቫልቭ አላት። የግራው የታችኛ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ምክንያቱን ከአናቶሚ ሥዕል ብቻ አታገኙትም፤ ቀኙ ደም የሚልከው በጎረቤት ወዳለው ሳንባ ሲሆን፣ ግራው ግን ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት የማድረስ ግዴታ አለበት። ሐኪም በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅም በዋናነት የቫልቮቹ የመዘጋት ድምፅ ነው።

ይህ ሁሉ ዙረት ኦክስጅን ለማድረስ ነውና ስለ እኛ ደጋ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ልቡም ይፈጥናል፤ ቀናት እያለፉ ሲሄዱ ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ በማመንጨት መቅኔው ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲሠራ ያዛል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው፤ የቲቤቶቹ ያን ያህል ከፍ አይልም፤ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ግን ዝቅ ያለ ነው። በ2002 ከሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ካለው ከአምባራስ የወጣው ጥናት ተመራማሪዎቹን አስደነቀ፤ የነዋሪዎቹ ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ሰውነታቸው ይህን እንዴት እንደሚያደርግ እስካሁን የሚጠና ጉዳይ ነው። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ከተማ ላይ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ደጋ ስለተወለደ ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ግን አልቀበልም፤ ደጋ የተወለደ ሁሉ ማራቶን አያሸንፍም። ልምምድን ከሒሳቡ የሚያወጣ ፊዚዮሎጂ የለም።

ወደ ቫልቮቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም በአገራችን የወጣቶችን ልብ ከሚጎዱት ሕመሞች ዋነኛው የሚያጠቃው እነርሱን ነው። ነገሩ የሚጀምረው ጉሮሮ ላይ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያሳምማል። ተገቢውን ሕክምና ካላገኘ በአንዳንዶቹ ልጆች ላይ፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የገዛ ልባቸውን ቫልቭ ያጠቃል። መጀመሪያ መጋጠሚያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፤ ያልፋልም። ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። በሕመሙ መደጋገም እየጠበበ ወይም መግጠም እያቃተው ይሄዳል፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሃርቪ በጣቱ ያረጋገጠው የአንድ አቅጣጫ ሕግ ሲፈርስ ውጤቱ ደረጃ መውጣት ያቃታት፣ በእርግዝናዋ ወቅት ትንፋሽ የሚያጥራት ወጣት ሴት ናት። ቫልቭ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፣ ይቀየራልም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው።

ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ መፍትሔ አይደለም። ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ደም መፍሰስንና ሌላ ኢንፌክሽንን ሊያስከትል ይችላል። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከባክቴሪያ አይመጣም፤ አብዛኛው የቫይረስ ስለሆነ ያለ መድኃኒት ይድናል። የትኛው እንደ ሆነ መለየት ግን የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ አስተማሪዎችም፣ ልጅ ትኩሳት ይዞት ምራቅ መዋጥ ሲያቅተው ጤና ጣቢያ አድርሱት። ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት ከታዘዘለት ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ቢቀልለትም እስከ መጨረሻው ይውሰድ።