«በምን ታወቀ?» ልጆቻችን ሊለምዱት የሚገባ ጥያቄ

(በአንድ የኢትዮጵያውያን ወላጆችና መምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



 ብዙዎቻችሁ ስለ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና እንድናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። «ልጄ በሳይንስ ጥሩ ውጤት እንዲያመጣ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይነሳልና። እኔ ግን ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለ ውጤት አይደለም። ልጆቻችን አንድ ነገር እውነት መሆኑን በምን እንደሚያውቁ ነው።

ከራሴ ገጠመኝ ልጀምር። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን የሳይንስ መምህራችን ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ እንድንለካ አዘዙን። ለክፍሉ በሙሉ የነበረው ቴርሞሜትር አንድ ብቻ ነው። በቡድን በቡድን እየተጠጋን አነበብን። ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ፤ ከዚያ አልፎ አልሄደም። እኔም በደብተሬ 92 ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ደብተሬን አይተው «መጽሐፉ ስንት ይላል?» አሉኝ። «100» አልኩ። «ታዲያ አንተ ከመጽሐፉ ትበልጣለህ?» ብለው 92ን በቀይ ሰረዙት። ክፍሉ ሳቀብኝ። የቀሩት ቡድኖች ዓይናቸው 92 እያየ እጃቸው 100 ብሎ ጻፈ፤ ሙሉ ነጥብም አገኙ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር። መጽሐፉም ውሸታም አልነበረም፤ የጎደለችው «በባሕር ወለል ላይ» የምትለው ሐረግ ብቻ ናት። በደጋ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶቻችን በምድጃቸው የሚያዩትን ነገር እኛ በክፍላችን ሰረዝነው።

ይህን የማወራው መምህሬን ለመውቀስ አይደለም። በአንድ ቴርሞሜትር ያን ሁሉ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ ራሳቸውም እንደዚያው የተማሩ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ያን ቀን ክፍሉ በሙሉ የተማረው ስለ ውሃ አልነበረም። የተማረው «ዓይንህ ያየውን ሳይሆን ትልቅ ሰው ያለውን ጻፍ» የሚል ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት ደግሞ በክፍል ውስጥ አይቀርም። ተማሪው አድጎ መሥሪያ ቤት ሲገባ አብሮት ይገባል። አለቃው የሚፈልገውን የምርት ቁጥር በሪፖርት የሚሞላው ባለሙያ ያን ትምህርት በደንብ የተማረ ሰው ነው። አገር በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ስትመራ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ታዲያ መምህሩ ምን ቢያደርጉ ይሻል ነበር? መልሱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩን መጠርጠር ይገባል፤ መጠርጠር ነውር አይደለም። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ቢነክሩት ዜሮ ላይ ወይም በጣም ቀረብ ብሎ መቆም አለበት። ከቆመ፣ ሌላ ቴርሞሜትር ተውሶ መድገም ነው። ሌላ ቡድን ሌላ ቀን ቢለካውስ? ያም 92 ካለ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ለማለት ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ «መጽሐፉ የተለካው የት ሆኖ ነው? እኛስ ያለነው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይመጣል። ወገኖቼ፣ ሳይንስ የሚባለው ይህ ነው። ማየት፣ ያዩትን በሐቅ መጻፍ፣ ራስን መጠርጠር፣ ሌላ ሰው እንዲደግመው መፍቀድ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ።

ይህን መንገድ የሄደ የአገራችን ሰው እንዳለ ልጆቻችን ሊያውቁ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሆነው የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ሌላ ሰው አይቶ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን «ምናልባት እንዶዱ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። በጥያቄም አላቆሙም፤ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው አንዷን አጣቢ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ «እንዶድ ቢልሃርዚያን ያጠፋል!» ብለው በሬዲዮ ቢያውጁስ ኖሮ? አላደረጉትም። የእንዶዱን ፍሬ ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱና ምን ያህሉ በምን ያህል ውሃ ቢበጠበጥ እንደሚገድል መረመሩ። ቀጥሎ አድዋ ላይ ለዓመታት የቆየ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። ሙከራው ሲጀመር ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ በበሽታው ተይዞ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መጠኑ በእጅጉ መቀነሱ ተመዘገበ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶች የተሻለውን መርጠው አወጡ። ሁለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ታሪኩን ለልጆቻችን ስንነግር በኩራት ብቻ ልናበቃው አይገባም። እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ «ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት አያመጣም ወይ? በላቦራቶሪ ተፈትሿል ወይ?» የሚለው የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጥያቄ ተገቢ ነበር። በሌላ በኩል ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ በበለጸጉት አገሮች ያሉ አንዳንድ ሰዎችና ድርጅቶች ከአፍሪካ ደህና ሳይንስ ይወጣል ብለው ለመቀበል ይቸገሩ ነበር። ይህም እውነት ነው። የመመርመሩ ሥራ ለረጅም ዓመታት ተጓተተ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ወጣ፤ ዛሬ በሽታውን ለመቆጣጠር በዋናነት የሚሠራበትም እሱ ነው።

ከዚህ ልጅ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ ማረጋገጥ የሰዎች ሥራ ስለሆነ አድልዎ ይገባበታል። ሁለተኛ፣ አድልዎን የሚረታው ጩኸት ሳይሆን ሌላ ሰው በራሱ እጅ ሊደግመው የሚችል ማስረጃ ነው። «ፈረንጅ ስለናቀን ነው» ብቻ ብሎ ያደገ ልጅ ሁለተኛውን አይማርም። «ፈረንጅ ካላለው እውነት አይደለም» ብሎ ያደገም አንደኛውን አይማርም።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን በገባ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከባህል ሕክምና የተገኘ መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን አልፎ ወደ ክሊኒካዊ ሙከራ ሊሸጋገር ነው ሲል አስታወቀ። በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ገና እንደሚቀር መግለጫው ራሱ ይናገር ነበር። እኛ ግን «መድኃኒቱ ተገኘ!» ብለን ለዘመድ ወዳጅ አሠራጨን። የባህል መድኃኒት መናቅ እንደሌለበት እንዶድ ምስክር ነው። ግን እንዶድ የታመነው ስለታወጀ ሳይሆን ስለተፈተነ ነው። መግለጫና ማስረጃ ለየቅል መሆናቸውን የማያውቅ ሕዝብ የመንግሥት ቴሌቪዥን ያለውን ያምናል፤ አለዚያም የእኛ የተቃዋሚዎች ድረ ገጽ ያለውን ያምናል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሕመም ነው። ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ።

አንደኛ፣ ልጅ ሲጠይቅ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለን አፉን አንዝጋ። የማናውቀውን «አላውቅም፤ እስቲ አብረን እንፈልግ» እንበለው። አባት አላውቅም በማለቱ ክብሩ አይቀንስም።

ሁለተኛ፣ በዚህ ቅዳሜ ቤታችሁ ውሃ አፍሉ። እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ ልጁ በወጥ ቤት ቴርሞሜትር በሴልሺየስ ይለካ፤ በበረዶም ይፈትሸው። ከዚያ አዲስ አበባ ላለችው የአክስቱ ልጅ ይደውልና እሷም ትለካ። ዱባይ ወይም ጅዳ ዘመድ ካለው 100 አካባቢ ይነግረዋል። ዴንቨር ያለው ወደ 95፣ ድሬዳዋ ያለው ወደ 96 ይለዋል። ቁጥሮቹን በወረቀት ደርድሮ ለምን እንደተለያዩ ራሱ ያግኘው። እናንተ ቶሎ አትንገሩት።

ሦስተኛ፣ ዜና ስትሰሙ ልጆቻችሁ ባሉበት «በምን ታወቀ? ማን አየው? ሌላ ሰው አረጋግጦታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትደግፉት ወገን ሲናገር ደግሞ ይበልጥ ጠይቁ።

ያ በቀይ የተሰረዘ 92 ከአእምሮዬ አልጠፋም። የሚያሳዝነኝ የእኔ ነጥብ መቀነሱ አይደለም። 92 አይተው 100 የጻፉት ጓደኞቼ ከእኔ የባሰ ተጎድተዋል፤ ዓይናቸውን እንዳያምኑ ተምረዋልና። የልጆቻችን ደብተር ያዩትን ይጻፍበት።