የመጋገሪያ ቤታችን ጭስ ማውጫ ስንት ይሁን?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጋራ እንጀራ መጋገሪያችን ግድግዳው ቆሟል፣ ጣራውም ለብሷል። የቀረው የጭስ ማውጫው ነው። ባለፈው ስብሰባ ብዙዎቻችሁ «ለሁለት ምጣድ አንድ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ይሠራልን፣ ሰፋ ይበልና ጭሱን ጠራርጎ ይውሰደው» ብላችኋል። ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኗን ጭስ ሲያቃጥላት የኖረች ሴት እንዲህ ብትል አይፈረድባትም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል። ነገሩ የዋዛ አይደለም። እኔ ግን ዛሬ የቆምኩት ሰፊው ቱቦ አይበጀንም ለማለት ነው።

ጭስ ማውጫ በራሱ ጉልበት የለውም። ጉልበቱ ሙቀት ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ትኩስ አየር ከውጭው አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ የእሱን ቦታ ለመያዝ አዲስ አየር በማገዶ መክተቻው በኩል ይገባል። ቱቦው ከእሳቱ አቅም በላይ ከሰፋ ጭሱ በውስጡ ይንቀራፈፍና ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ መውጣቱን ይተውና በምድጃው አፍ ተመልሶ ይመጣል፤ ቱቦውም ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ከጠበበም ጭሱ ይታመቅና መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ መለኪያችን እሳቱ ነው።

ይህ ስበት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ልንገራችሁ። ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ቱቦ፣ ውስጡ 150 ዲግሪ፣ ውጭው 27 ዲግሪ ቢሆን የሚስበው የ1 ሚሊ ሜትር ውሃ ክብደት ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ አዳማ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በውጭ አገር መመሪያ ላይ ያለውን ቁመት እንዳለ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው። እኛ ጨመር ማድረግ አለብን።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ምድጃችን ምርት ነው። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል። ከምጣዱ ጀርባ የጭስ መውጫ ቀዳዳ አለው። የእኛን ለክቼዋለሁ፤ 8 በ13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 104 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ቱቦው ከዚህ ማነስ የለበትም፤ እጅግም መብለጥ የለበትም። ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ የሚይዘው 78 ካሬ ስለሆነ ያንሳል። ባለ 15ቱ 177 ነው፣ ይበዛል። ባለ 12ቱ 113 ነው፤ ልካችን እሱ ነው።

«ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ከሆነስ?» ትሉኛላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ባለ 12 ተደምረው ባለ 24 አይሆኑም፤ የሁለቱን ስፋት የሚይዘው ባለ 17 ነው። ባለ 24ማ የአራት ባለ 12 ስፋት አለው! የታሰበው ባለ 20 ደግሞ 314 ካሬ ነው፤ ለሁለት ምጣድ የሚያስፈልገንን አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል። ትዕዛዝ በሚያንስበት ቀን አንዱ ምጣድ ብቻ ሲነድ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሊሆን ነው፤ ባልነደደው ምድጃ በኩልም ቀዝቃዛ አየር እየገባ የቀረውን ሙቀት ይገድለዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ባለ 12 ቱቦ ይኑረው እላለሁ። ገንዘብ ያዥዋ እህታችን እንዳትደነግጥ፦ ሁለት ባለ 12 ለመጠቅለል 75 ሴንቲ ሜትር የላሜራ ወርድ ይበቃል፤ አንድ ባለ 20 ደግሞ 63 ይፈጃል። ልዩነቱ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ንፋሱ። የአዳማን ንፋስ ለአዳማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2007 ዓ.ም የተመረቀው አዳማ ሁለት ብቻ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ንፋስ፣ ይህም ለእኛ ቀላል ንፋስ ነው፣ የሚገፋው ቅድም ካልኩት የቱቦ ስበት ይበልጣል። በሰዓት 36 ሲደርስ አምስት እጥፍ ያልፈዋል። የቱቦው ጫፍ ከጣራው በታች ወይም እኩል ከሆነ ንፋሱ ጣራውን መትቶ ወደ ታች ሲመለስ ጭሱን ይዞት ይገባል። ስለዚህ ጫፉ በዙሪያው 3 ሜትር ውስጥ ካለ ማንኛውም ነገር፣ የጎረቤት ጣራም ቢሆን፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቆብም ይደረግለት፤ ግን ቆቡ አፉ ላይ እንዳይደፋ፣ ከአፉ አንድ ጋት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በሽቦ ወጥሮ ማሰርም አይረሳ።

ሌላው አጭር ነው። ቱቦው ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ እያንዳንዱ እጥፋት ስበት ይሰርቃል። ከምድጃው የሚነሳው የመጀመሪያው ክፍል ዚንክ ባልተቀባ ላሜራ ይሠራ፤ ዚንክ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ጎጂ ነውና። ጣራውን ሲያልፍ ከእንጨቱና ከኮርኒሱ አንድ ክንድ ይራቅ። ከታች የሚከፈት የጥላሸት መጥረጊያ ይኑረው፤ ባለ 12 ቱቦ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ጥላሸት ከያዘ ከስፋቱ ሲሶ ገደማ ያጣል። መስኮቱን ደግሞ በብርድ ሰበብ እንዳንዘጋው አደራ፤ አየር ካልገባ የሚወጣ ጭስ የለም።

ሁሉም ላሜራ ከመቆረጡ በፊት አንዱን ብቻ አሠርተን እንሞክረው። ምድጃው ከሞቀ በኋላ የሚጨስ እጣን በማገዶ መክተቻው አፍ ላይ እንያዝ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ሦስቱን ቀሪዎች እናዝዛለን። ወደ ፊታችን ከመጣ ሌላ ግማሽ ሜትር ቀጥለን ደግመን እንይዛለን። ሙከራው ንፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጸጥ ባለ ጠዋት የማይስብ ቱቦ ጥቂት ነው።