ማስጠንቀቂያው ሲጮህ የታመመው ሴንሰሩ ነው ወይስ ሞተሩ?

(በካኩማ ለሙያ ተማሪዎችና ለሌሎች ነዋሪዎች ያደረግነው ንግግር)



 እኛ አገር ቤት ሳለን በመንገድ ሥራ ላይ ግሬደር፣ ዶዘርና ሎደር ስንጠግን ዕድሜያችንን ያሳለፍን ጥቂት መካኒኮች ነን። የዛሬው ንግግራችን ስለ ሞተር ሴንሰር ነው። ሴንሰር ማለት የሞተሩን ሙቀት፣ ፍጥነትና የዘይቱን ግፊት እየለካ በሽቦ አማካይነት ለመኪናው ኮምፒዩተር የሚናገር ትንሽ ዕቃ ነው። አንዳንዶቻችሁ "ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?" ትሉ ይሆናል። የታራች ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ቦዩን የሚጠርገውና መንገዱን የሚከፍተው መኪና ተበላሽቶ ቢቆም ውሃው የማን ቤት እንደሚገባ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእናንተም መካከል ነገ በዚህ ሙያ እንጀራውን የሚበላ አይጠፋም።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ሎደር ሥራ ላይ እንዳለ የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያው መጮህ ጀመረ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘን አየነው፤ ዘይቱ ሙሉ ነው፣ እንዲያውም ከምልክቱ አልፏል። ዘይት ሞልቶ ሳለ ግፊት አይጠፋም አልንና "ይህ ሴንሰሩ ነው" ብለን ፈረድን። ሶኬቱን ስንነቅለው ጩኸቱ ቆመ። ኦፕሬተሩ አመሰገነን፣ አለቃውም ደስ አለው። በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ይንኳኳ ጀመር፤ ሲፈታ ብሮንዚኑ ተቃጥሎ ክራንክ ሻፍቱን በልቶታል። ለካስ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየሾለከ አቅጥኖት ኖሯል። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘንጉን ወደ አፍንጫችን አስጠግተን ቢሆን ኖሮ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። የታመመው ሞተሩ ሆኖ ሳለ እኛ የሚጮኸውን አፍ ዘጋን።

ስለዚህ የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ዘይቱ ይታይ፣ ይሽተት። ቀጥሎ ሴንሰሩ ይፈታና በዚያው ቀዳዳ ላይ መርፌ ያለው ሜካኒካል ጌጅ ይታሰር፤ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ተነሥቶ የጌጁ ንባብ ከሞተሩ መጽሐፍ ጋር ይነጻጸር። ጌጁ ዝቅ ካለ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የተናገረው። ሴንሰሩን መጠርጠር የሚገባን ጌጁ ደህና ሲሆን ብቻ ነው።

አሁን ያሉት መኪኖች ደግሞ ኮድ ይጽፋሉ። ብዙዎቹ የሚከተሉት ጄ 1939 የሚባለውን ደንብ ሲሆን፣ ኮዱ ሁለት ቁጥር አለው። ፊተኛው የሚናገረው ስለ ምን እንደሆነ ነው፤ 100 የሞተር ዘይት ግፊት፣ 110 የራዲያተር ውሃ ሙቀት ነው። ሰው የሚዘነጋው ኋለኛውን ነው፤ ነገሩ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። 100 ከ1 ጋር ከመጣ ግፊቱ በእርግጥ በአደገኛ ሁኔታ ወርዷል ማለት ነው። 100 ከ3 ወይም ከ4 ጋር ከመጣ ግን ኮምፒዩተሩ የሚለው "ከሽቦው የሚመጣልኝ ቮልት ከልክ በላይ ነው" ወይም "ከልክ በታች ነው" ብቻ ነው። ይህ ማለት ግፊቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ግፊቱን የሚያይለት የለም ማለት ነው። ኮማትሱን የመሰሉ ፋብሪካዎች የራሳቸው ፊደልና ቁጥር ስላላቸው መጽሐፋቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ በስም አይጠራም። ሴንሰሩን፣ ሽቦውን፣ ሶኬቱንና ኮምፒዩተሩን በአንድነት ነው የሚከስሰው። በዚሁ አካባቢ አንድ ግሬደር 110 ከ3 ጋር ጽፎ ቆመ። ሁሉም ሴንሰር ይለወጥ አለ፤ ሴንሰሩ ደግሞ የሚመጣው ከናይሮቢ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው። በእጃችን የነበረው አንድ ቴስተር ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለን ሁለቱን እግሮቹን በኦም ለካን፤ ሁለት ሺህ ገደማ አነበበ። ይህ ዓይነቱ ሴንሰር ሲሞቅ ኦሙ ይቀንሳል፤ በብዛት የሚገኘው የቦሽ ዓይነት በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 190 ኦም ገደማ ነው። እንግዲህ የእኛው ጤነኛ ነበር። ቀጥሎ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣውን ሶኬት ሁለት ፒኖች በአጭር ሽቦ አገናኘን። መስመሩ ደህና ቢሆን ኖሮ ጌጁ እስከ መጨረሻው ሙቀት ወጥቶ 3 የነበረው ወደ 4 ይለወጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የሴንሰሩ ይሆናል። ምንም አልተለወጠም። ሽቦውን ተከትለን ስንሄድ ከጋቢናው ሥር አይጥ ቆርጦት አገኘን። በያጅነው፣ በቴፕ ጠቀለልነው፤ ግሬደሩ የዚያኑ ዕለት ሥራ ገባ።

ይህ ሁለቱን ፒኖች የማገናኘት ዘዴ ባለ ሁለት ሽቦ ለሆነው የሙቀት ሴንሰር ብቻ መሆኑን አደራ አስታውሱ። የግፊት ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ሽቦ ነው፤ አንዱ 5 ቮልት ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ማሳ ነው፣ አንዱ መልእክቱን ይመልሳል። ያ 5 ቮልት ለብዙ ሴንሰሮች በጋራ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ውስጡ ሲገናኝ ሌሎቹም አብረው ይወድቃሉ። አራትና አምስት ኮድ በአንድ ጊዜ ካያችሁ አራትና አምስት ሴንሰር አትግዙ። ቴስተሩን 5 ቮልቱ ላይ አድርጋችሁ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ሲነቀል ቮልቱን የመለሰው እርሱ ነው ጥፋተኛው።

በአምፑል መሞከር የለመድን የድሮ ሰዎች ይህን መተው አለብን፤ እነዚህ መስመሮች አምፑል አይሸከሙም። ባትሪው 24 ቮልት ነው፤ በስሕተት ወደ 5 ቮልቱ መስመር ከገባ ኮምፒዩተሩን ያቃጥላል። ባልዲ በሚበየድበት ጊዜም የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ የብየዳው ማሳ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከአሮጌ መኪና የተፈቱ ሴንሰሮችን በሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከርን ኦማቸውን እንለካለን። ቴስተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁ ከእኛው ጋር ትጋሩታላችሁ።